የተተኮሰ የጥይት ቀለሃን ለነሐስ ሥራ ማዋል፦ ካፕሱሉን ከመለየት እስከ ማፍሰስ

በጎንደር ከተማና በዙሪያዋ ባሉ ወረዳዎች በሠርግም በለቅሶም ጥይት መተኮስ የቆየ ልማድ በመሆኑ፣ ባዶ ቀለሃ በየግቢው፣ በየአጥሩ ሥርና በየማሳው ዳር ወድቆ ማግኘት እንግዳ ነገር አይደለም። ልጆች ለቅመው ይጫወቱበታል፣ ቆራሌው ከሌላው ብረታ ብረት ጋር ደባልቆ ይገዛዋል፣ በመጨረሻም በኪሎ ተመዝኖ ከአንጥረኛው ደጃፍ ይደርሳል። ከዚህ ቀለሃ የእጅ መስቀል፣ የአንገት መስቀል፣ የጸናጽል ቅጠልና ቃጭል መሥራት ይቻላል፤ እኔም ለብዙ ዓመታት ስሠራው የኖርኩት ይህንኑ ነው። በቅርቡ ሥራውን የሚጀምሩ ወጣቶች እየበዙ በመምጣታቸውና ብዙዎቹም ከሁሉ የሚበልጠውን ደረጃ፣ ማለትም ከእሳቱ በፊት ያለውን መለየት፣ እንደ ዋዛ ሲያልፉት በማየቴ፣ አሠራሩን ከመጀመሪያው በጽሑፍ ማስቀመጥ እንደሚገባኝ ተሰምቶኛል።

አንድ ሙሉ ጥይት አራት ነገሮች አሉት። ከፊት የሚወጣው አረር፣ በውስጡ ያለው ባሩድ፣ ሁለቱን የያዘው ቀለሃ፣ እንዲሁም በቀለሃው መቀመጫ መካከል የተሰካችው ትንሽ ክብ ቆብ ናቸው። ይህችን ቆብ ካፕሱል እላታለሁ። የጠመንጃው መርፌ ሲመታት በውስጧ ያለው ቅመም ይፈነዳል፣ ነበልባሉም ባሩዱን ያቀጣጥላል። ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ አረሩ ከወጣና ባሩዱ ከፈሰሰ ቀለሃው ባዶ ነው ብሎ ያምናል። ካፕሱሏ ግን አልተመታች ከሆነ ቀለሃው ባዶ አይደለም። የካፕሱል ቅመም የተሠራው በመመታት እንዲፈነዳ ነው፤ በሙቀትም ይፈነዳል። አንጥረኛ ደግሞ ቀኑን ሙሉ የሚሠራው በመዶሻና በእሳት ነው።

ይህንን የተማርኩት በሌላ ሰው ዐይን ነው። ሥራውን ያስተማረኝ አጎቴ ነበር፤ እኔ ገና ወናፍ የምነፋ ልጅ ሳለሁ አንድ ጆንያ ቀለሃ ከቆራሌ ገዛን፣ ነሐሱም የሚያብረቀርቅ ጥሩ ነሐስ ስለነበረ ደስ ብሎን እፍኝ እፍኙን ወደ ማቅለጫው መጨመር ጀመርን። ሁለተኛው እፍኝ እንደ ገባ ከማቅለጫው ውስጥ ጠብ የሚል ድምፅ ተሰማ፣ ፍሙ ወደ ላይ ተረጨ፣ አጎቴም ዐይኑን ይዞ ቁጭ አለ። የካፕሱሏ ስባሪ ከምስር ፍሬ የማትበልጥ ነበረች፤ የላይኛውን የዐይን ቆብ ቀዳ ገብታ ነበር። ዐይኑ ቢተርፍም ከዚያ ወዲያ በዚያ ዐይኑ ክር ከመርፌ ማስገባት አልቻለም። ጥፋቱ የሻጩ ብቻ አልነበረም። ቀለሃዎቹን አንድ በአንድ አላየናቸውም፤ ሌላ ምክንያት የለውም።

ስለዚህ መለየቱ በቀን ብርሃን፣ ከእሳት ርቆ፣ ልጆች በሌሉበት ቦታ ይካሄዳል። ጠረጴዛ ላይ ወፍራም ጨርቅ ያንጥፉ፤ ቀለሃዎቹን ከጆንያ ላይ አያራግፏቸው፣ በእጅ ጥቂት ጥቂት አድርገው ያውጧቸው። የዐይን መከላከያ መነጽርና ወፍራም ጓንት ያድርጉ። ከዚያ እያንዳንዱን ቀለሃ ሁለት ጊዜ ይመልከቱ፦ አንድ ጊዜ ከአፉ በኩል፣ አንድ ጊዜ ከመቀመጫው በኩል። የተተኮሰ ቀለሃ አፉ ክፍት ነው፣ ውስጡ ጥላሸት አለው፣ ካፕሱሏም መካከል ላይ በመርፌ የተመታ ግልጽ ጉድጓድ ይታያል፤ በጣትዎ ጫፍ ሲዳስሱት እንኳ ይታወቃል። እነዚህ ሦስት ምልክቶች አብረው ሲገኙ ብቻ ቀለሃው ወደ ሥራ ይገባል። አፉ ክፍት ሆኖ ካፕሱሏ ለስላሳ ከሆነች ያ ቀለሃ ያልፈነዳ ካፕሱል የያዘ ነው። አረሩ ከነቦታው ካለ ሙሉ ጥይት ነው። ካፕሱሏ ተመትታ አረሩ ግን ካልወጣ ደግሞ የከሸፈ ጥይት ነው፤ ይህኛው ከሁሉም ይበልጥ የማይታመን ነውና ተመትቷል ብለው አይዘናጉ። ዝገትና ጭቃ ካፕሱሏን ሸፍኗት መለየት ካልቻሉ፣ በቢላዋ እየፋቁ ለማየት አይሞክሩ፤ የሚያጠራጥር ሁሉ እንዳልፈነዳ ይቆጠራል።

ለልምምድና ለሥነ ሥርዓት የሚተኮስ አረር አልባ ጥይትም አለ። ያልተተኮሰው አፉ እንደ ኮከብ ተጣጥፎ የተዘጋ ሲሆን፣ የተተኮሰው ግን እጥፋቱ ተፈትቶ እንደ አበባ ይከፈታል። አፉ ተጣጥፎ የተዘጋ ነገር ሁሉ ሙሉ ነው።

ያልፈነዳ ካፕሱል ያለው ቀለሃ ሲገኝ ምን ይደረግ የሚለው ጥያቄ ብዙ የተሳሳተ መልስ አለው። ዘይት ውስጥ ነክረው ያሳደሩት ሰው አለ፣ ውኃ ውስጥ የጣለውም አለ፣ ካፕሱሏን በምስማር ገፍቶ ለማስወጣት የሞከረም አለ። ዘይትና ውኃ ካፕሱልን በእርግጠኝነት አይገድሏትም፤ ስትደርቅ ልትፈነዳ ትችላለች። በምስማር መግፋት ደግሞ የጠመንጃውን መርፌ ሥራ በእጅ መሥራት ነው። መጸዳጃ ጉድጓድ ውስጥ፣ ወንዝ ውስጥ፣ ቆሻሻ ማቃጠያ ላይ መጣልም ለማያውቅ ሰው አደጋ ማስተላለፍ ነው። ትክክለኛው መንገድ ባለበት ትቶ፣ ሰው እንዳይደርስበት አድርጎ፣ በአቅራቢያ ላለ ፖሊስ ማሳወቅና መጥተው እንዲወስዱት መጠበቅ ነው። ብዙ ሆነው ከተገኙ ደግሞ በአንድ ጣሳ አጭቆ ማስቀመጥ አይገባም፤ አንዷ ብትፈነዳ ሌሎቹን ልታስከትል ትችላለችና። በጸሐይ ላይም፣ ከምድጃ አጠገብም አይቀመጡም።

አንዳንድ ሰው ካፕሱሉ ደህና የሆነውን ቀለሃ ይዞ መጥቶ ባሩድ ሞልታችሁ አረር ትከሉልን ይላል። እኔ ይህን ሥራ አልሠራም፣ ለማንም አላስተምርም፣ ማንም አንጥረኛ እንዲሠራውም አልመክርም። የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 ያለ ፈቃድ ጥይት መያዝንም መሥራትንም ይከለክላል። ከሕጉ ባሻገር፣ ዕድሜው፣ የተቀመጠበት ቦታና የደረሰበት ሁሉ በማይታወቅ ካፕሱልና ቀለሃ ላይ የተሞላ ጥይት ጠመንጃውን ከተኳሹ ጉንጭ አጠገብ ሊያፈነዳው ይችላል። ነሐስ ያረጃል፣ ይሰነጠቃል፤ ዐይን የማያየው ስንጥቅም አለው። ከዚሁ ጋር አንድ ነገር ላንሣ። በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ሕንድ ውስጥ የነበረው የእንግሊዝ ጦር ጥይቱን በዝናብ ወራት በፈረስ ጋጣ ያስቀምጥ ስለነበር ቀለሃዎቹ ማንም ሳይነካቸው አፋቸው አካባቢ ይሰነጠቁ ነበር። ምክንያቱ በ1921 እ.ኤ.አ. ተለይቶ ተገለጸ፦ ከከብት ሽንት የሚነሣው አሞኒያ፣ ከእርጥበትና ቀለሃው ሲሠራ በውስጡ ከቀረው ውጥረት ጋር ተዳምሮ፣ ነሐሱን ይሰነጥቀዋል። በገጠራችን ብዙ ሰው የሚያስቀምጠውን ነገር ሁሉ ከከብቱ ጋጣ ጣራ ሥር ስለሚሰቅል፣ ከዚያ የወጣ ቀለሃ በመዶሻ ሲመታ እንደ ደረቅ ቅጠል መሰንጠቁ አያስገርምም። እንዲህ ያለው ለቅጠል ሥራ አይሆንም፣ ለማቅለጥ ግን ምንም አይለው።

ስለ መልቀም አንድ ነገር ብቻ ልበል። በደባትና በደባርቅ በኩል ውጊያ ከተካሄደባቸው ማሳዎች ቀለሃ እንዲለቅም ልጅ አይላክም፤ አዋቂም አይሂድ። እዚያ የሚገኘው ቀለሃ ብቻ አይደለም። ከአውራ ጣት የሚወፍር ማንኛውም ነገር፣ ባዶ ቢመስልም፣ አይነካም።

የተተኮሰ መሆኑ ከተረጋገጠ በኋላ የሚቀጥለው ማግኔት ማስጠጋት ነው። በአገራችን የሚገኘው የክላሽንኮቭ ቀለሃ አብዛኛው ነሐስ ሳይሆን ቀለም የተቀባ ወይም መዳብ መሳይ ሽፋን ያለው ብረት ነው፤ ማግኔት ከሳበው ለእኛ ሥራ አይጠቅምም። ነሐስን ማግኔት አይስበውም። የቀለሃ ነሐስ ከመቶው 70 እጅ መዳብ፣ 30 እጅ ዚንክ ነው፤ ይህ ውሕደት ለመዶሻም ለማፍሰስም የተመቸ በመሆኑ ከቧንቧ ስብርባሪ ይልቅ ቀለሃን እመርጣለሁ። 7.62 በ51 ሚሊሜትር የሚባለው የነሐስ ቀለሃ 12 ግራም ገደማ ስለሚመዝን፣ ለአንድ ኪሎ ነሐስ ከ80 የሚበልጡ ቀለሃዎች ያስፈልጋሉ።

ቀጥሎ ማጠብ ነው። ከተፈነዳ ካፕሱል የሚቀረው ጥላሸት ብዙውን ጊዜ እርሳስ አለበት፤ እርሳስ ደግሞ በትንሽ በትንሹ ሰውነት ውስጥ እየተጠራቀመ በተለይ ሕፃናትን ይጎዳል። ስለዚህ ቀለሃ ደርቆ አይፈገፈግም፣ አቧራው እንዳይነሣ በሞቀ የሳሙና ውኃ ውስጥ ይዘፈዘፋል፣ የሚታጠብበት ሳፋም ለሊጥም ለልብስም ዳግመኛ አያገለግልም። እጅ ሳይታጠቡ እንጀራ አይቆረስም። የለበሱትን ልብስ ቤት ይዘው ገብተው ልጅ አይቀፉበት። ከታጠበ በኋላ በፀሐይ ሙሉ በሙሉ ይድረቅ፤ የቀረች አንዲት ጠብታ በቀለጠ ነሐስ ውስጥ ብትገባ በቅጽበት እንፋሎት ሆና ነሐሱን ወደ ፊትዎ ትረጨዋለች።

ከዚህ በኋላ ሥራው በሁለት ይከፈላል፤ አንዱ ሳይቀልጥ በመዶሻ ብቻ የሚሠራው የቅጠል ሥራ ነው። ቀለሃውን በሞርሳ ይያዙና መቀመጫውን በሴጌቶ ቆርጠው ያስወግዱ፤ መቀመጫው ከነተፈነዳው ካፕሱሉ ለማቅለጫ ይቀመጣል። የጠበበውን አንገቱንም ይቁረጡ። የቀረውን ቱቦ በቆርቆሮ መቁረጫ መቀስ ከላይ እስከ ታች ይሰንጥቁት። አሁን ይህ ነገር ዳግመኛ ጥይት ሊሆን አይችልም፤ እኔ በግሌ ይህ ቅጽበት ደስ ይለኛል። ቱቦውን እንዲሁ ለመዘርጋት ከሞከሩ ግን ይሰነጠቃል፣ ምክንያቱም ነሐስ በተመታ ቁጥር ይደርቃል። በፍም ላይ ጥላ ባለበት ቦታ አስቀምጠው ደብዛዛ ቀይ እስኪሆን ድረስ ያግሙት፤ በቀን ብርሃን ቀለሙን መለየት ስለማይቻል ነው ጥላ የሚያስፈልገው። ከዚያ በጉጠት አንሥተው ውኃ ውስጥ ይክተቱት። ብረት እንዲህ ሲደረግ ይጠነክራል፣ ነሐስ ግን ይለሰልሳል፤ አዲስ ሠራተኛ ይህንን ሁልጊዜ ያምታታዋል። ከለሰለሰ በኋላ በመስፍ ላይ አስቀምጠው በእንጨት መዶሻ ቀስ እያሉ ይዘርጉት። መዶሻው ሲመልስና ድምፁ ሲሳሳ ነሐሱ ደርቋልና እንደገና ያግሙት። ሁለት ወይም ሦስት ጊዜ ከተደገመ ከአንድ ቀለሃ እንደ ክብሪት ሣጥን ገጽ ያለ ጠፍጣፋ ነሐስ ይወጣል። ወደ መቀመጫው ይቀርብ የነበረው ጠርዝ ከሌላው ወፍራም ስለሆነ እሱን ይበልጥ መምታት ያስፈልጋል፤ አለዚያ የጸናጽሉ ቅጠል ሚዛኑን ያጣል። ለጸናጽል የሚሆነው ቅጠል በመጨረሻ ሳይለሰልስ መቅረት አለበት፤ በጎንደር በኣታ ቤተ ክርስቲያን የአቋቋም መምህራን እጅ ላይ የምንሰማው ጥርት ያለ ድምፅ ከደረቀ ነሐስ እንጂ ከለሰለሰ አይወጣም። ጥቁረቱን በሎሚና በጨው አሽቶ ማስለቀቅ ይቻላል።

ሁለተኛው ሥራ ማፍሰስ ነው። በቅኔ ቤት ሰምና ወርቅ የሚባለው ስም የመጣው ከእኛው ሥራ እንደሆነ እያሰብኩ ሁልጊዜ እኮራለሁ፤ ሰሙ ቅርጹን ይይዛል፣ ይቀልጣል፣ ወርቁ በቦታው ይገባል። የእጅ መስቀሉን በንጹሕ የማር ሰም ይቅረጹ። በጎንደር ጠዋት ሰም በብርዱ ስለሚሰበር በእጅ መዳፍ ውስጥ አሙቆ መጀመር ይሻላል። ቅርጹ ሲያልቅ ነሐሱ የሚገባበትን ጉሮሮና አየር የሚወጣበትን ቀጭን መንገድ በሰም ይጨምሩና ይመዝኑት። ነሐስ ከሰም 9 እጥፍ ገደማ ይከብዳል፤ ሰሙ ከነጉሮሮው 20 ግራም ከሆነ 180 ግራም ነሐስ ያስፈልጋል ማለት ነው፣ እኔ ግን እንዳይጎድል ወደ 250 አደርሰዋለሁ። የመጀመሪያው የጭቃ ሽፋን በወንፊት ከተነፋ ሸክላ አፈር የተሠራና ቀጭን ይሁን፣ የመስቀሉን ጥልፍ የሚይዘው እሱ ነውና። ከዚያ በላይ ያሉት ሽፋኖች የፈረስ ወይም የአህያ ፋንድያ የተቀላቀለባቸው ይሁኑ፤ በፋንድያው ውስጥ ያለው ደቃቅ ገለባ ተቃጥሎ ለአየር መውጫ ይተዋል። እያንዳንዱ ሽፋን በጥላ ይድረቅ። በክረምት ይህ ብቻውን ሳምንት ይፈጃል፤ የቸኮለ ሰው በሐምሌ ባያፈስ ይሻለዋል።

ጭቃው ከደረቀ በኋላ ጉሮሮውን ወደ ታች አድርገው በለዘብተኛ እሳት ሰሙን ያስወጡና፣ ከዚያ እሳቱን ከፍ አድርገው ጭቃው ቀይ እስኪሆን ያቃጥሉት። ጎን ለጎን ነሐሱ ይቀልጣል። እዚህ ላይ መጠንቀቅ የሚገባው ከዚንክ ነው፦ የቀለሃ ነሐስ የሚቀልጠው ከ915 እስከ 955 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ባለው መካከል ሲሆን፣ ዚንክ ብቻውን ግን በ907 ዲግሪ ይፈላል። ስለዚህ ነሐሱ ሲቀልጥ ነጭ ጭስ ይነሣል፣ በማቅለጫው አፍ ላይም እንደ ዱቄት ይጋገራል። ይህን ጭስ የሳበ ሰው ከጥቂት ሰዓታት በኋላ፣ ብዙውን ጊዜ ማታ፣ እንደ ወባ ያንቀጠቅጠዋል፣ ያተኩሰዋል፣ አፉ ብረት ብረት ይለዋል። አብዛኛውን ጊዜ በአንድ ወይም በሁለት ቀን ይለቃል። ወተት ያሽረዋል የሚባለው እውነት አይደለም፤ ትንፋሽ ካጠረ ወደ ሐኪም መሄድ ይገባል። መከላከያው ግልጽ ነው፦ በተዘጋ ክፍል አያቅልጡ፣ ነፋሱን ከጀርባዎ ያድርጉ፣ ነሐሱን የተፈጨ ጠርሙስና የከሰል ዱቄት አልብሱት፣ ከቀለጠ በኋላም እሳት ላይ አያቆዩት። አልባሹ ዚንኩ እንዳያልቅም ይረዳል፤ ዚንኩ ያለቀበት ነሐስ ይቀላል፣ ሲፈስም ይወፍራል።

ቀለሃው ወደ ማቅለጫው ሲገባ ሙሉውን ቱቦ እንዳለ አይጨምሩት፤ ቆርጠው ወይም ጨፍልቀው ይጨምሩት። ስትቆርጡት ውስጡን ሦስተኛ ጊዜ ታያላችሁ፣ ሦስተኛው ጊዜ ደግሞ የሁለቱን ስሕተት ያርማል። መጀመሪያ የገባው ሲቀልጥ ሌላውን በማቅለጫው ጠርዝ ላይ አሙቆ መጨመር ይገባል። የቆዳ ሽርጥ፣ የተዘጋ የቆዳ ጫማና መነጽር ሳይኖር ጉጠት አይያዝም፤ ሱሪም ከጫማው በላይ ይውረድ እንጂ በጫማው ውስጥ አይግባ፣ የፈሰሰ ነሐስ ወደ ጫማ ከገባ ለማውለቅ ጊዜ አይሰጥምና። የሚፈስበት ቦታ ደረቅ አሸዋ ይሁን፤ በሲሚንቶ ላይ የፈሰሰ ነሐስ በውስጡ ያለውን እርጥበት አፍልቶ ይፈነጥቃል።

የማፍሰሻው ሰዓት አጭር ነው። ጭቃው ከእሳት እንደ ወጣ ጉሮሮውን ወደ ላይ አድርገው አሸዋው ውስጥ ይትከሉት፣ የነሐሱን ልባስ በብረት ዘንግ ወደ ጎን ይግፉ፣ ሳይቆራርጡ በአንድ ትንፋሽ ያፍስሱ። አየር መውጫው ላይ ነሐስ ብቅ ሲል መስቀሉ ሞልቷል። ካቋረጡት መካከሉ ላይ መጋጠሚያ ይቀራል፣ መስቀሉም አንድ ቀን ከዚያ ይሰበራል። እንዲቀዘቅዝ አንድ ሰዓት ያህል ይተዉት፤ ውኃ አያፍስሱበት።

ጭቃው በእንጨት ሲመታ ይረግፋል። ጉሮሮውን በሴጌቶ ይቁረጡ፣ ጠርዙን በሞረድ ያርሙ፣ ከሻካራው ጀምረው እስከ ለስላሳው በብርጭቆ ወረቀት ይሂዱበት። የጥልፉ ጉድጓድ ውስጥ የቀረው ጥቁረት ጥልፉን ስለሚያጎላው እኔ አላስወጣውም። የተቆረጠው ጉሮሮና የሞረድ ብናኝ ለሚቀጥለው ማቅለጥ በክዳን ጣሳ ይቀመጥ፤ ጣሳው ላይ «የተለየ» ተብሎ ይጻፍበት፣ ካልተለየው ጆንያም በሌላ ክፍል ይቀመጥ።